የዶክተር አላምረው ድንጋይ

ከጎብዬ እስከ ዋጃ ላላችሁ የራያ ቆላ ነዋሪዎች፣ ገበያ ውላችሁ ለቀራችሁም ጭምር፣ የሚከተለው ታላቅ ዜና በክብር ይገለጻል። ዛሬ ረፋድ ላይ፣ በቆቦ ከተማ በሚገኝ አንድ የስብሰባ አዳራሽ፣ ከመድረኩ በላይ በተሰቀለው ባነር ላይ «ተባባሪ ፕሮፌሰር» ከሚለው ማዕረግ «ተባባሪ» የሚለው ቃል በነጭ ፕላስተር ተሸፍኗል። ሥነ ሥርዓቱም በሰላም ተጠናቋል።

በሰላም ተጠናቋል የተባለው እንኳ ለወጉ ነው። የቆቦ ሙቀት ማዕረግ አያውቅም። ሙጫው በቀለጠ ቁጥር የፕላስተሩ ጫፍ ይላጣል፤ ሙህሲን ጫማውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ይወጣና በመዳፉ ይደፈጥጠዋል፤ እሱ ሲወርድ ፕላስተሩም አብሮት ይወርዳል። ዶክተር አላምረው ከታች ቆመው አንገታቸውን እንደ ግመል አስረዝመው ያያሉ።

«ግራ ጫፉ ሙህሲን፣ ግራ ጫፉ። ሙሉ ፕሮፌሰርነቱ እኮ አልቋል፤ የቀረው ወረቀት ነው። ሰው ለምን በከንቱ ይደናገር?»

ሙህሲን የሮቢት ልጅ ነው፤ ዶክተሩ በሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር። መምህር ይባል እንጂ ላለፉት ዓመታት ሥራው የዶክተሩን ቦርሳ መያዝ፣ የዶክተሩን ጽሑፍ መጻፍና የዶክተሩን ፕላስተር መለጠፍ ነበር። ዶክተሩ ደግሞ ዕድሜያቸውን ለሰብዓዊ መብትና ለሕገ መንግሥት የሰጡ ሰው ናቸው። በአገሪቱ መብትን ያላስተማሩበት ሆቴል የለም። ከሐዋሳ እስከ ባሕር ዳር ያሉ አስተናጋጆች አንቀጾቹን በቃላቸው ይዘዋቸዋል፤ «የሰው ልጅ ክብር የማይደፈር ነው» ሲሉ ሰምተው ሳይጨርሱ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ ብለው ሲሰድቧቸውም ሰምተዋል።

የዛሬው ጉባኤ «የማረጋገጫ ዐውደ ጥናት» ይባላል። ዶክተሩ ስለ ጦርነቱ ተጎጂዎች በአማርኛ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ማለትም ሙህሲን ጽፏል። ፕሮፌሰርነቱ የሚጠብቀው ይህን መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የሚታተመው ግን ጥናቱን በገንዘብ የደገፈው ድርጅት ሲፈቅድ ነው፤ ድርጅቱ የሚፈቅደው ደግሞ የአገር ሽማግሌዎች ሰምተው፣ መርቀው «የኛ ነው፣ ይሁን» ሲሉ ብቻ ነው። ይህን አይታ እንድትመሰክር የትናየት የምትባል የድርጅቱ ባልደረባ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ሽማግሌዎቹ ከመረቁ መጽሐፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ለየቀበሌው፣ ለየትምህርት ቤቱ፣ ለየጤና ጣቢያው በነፃ ይታደላል።

ሙህሲንን እንቅልፍ የነሳው በነፃ መታደሉ ነው። የመጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ «አሲያ የቆቦ ገበያ ሽንኩርት ነጋዴ ናት» ብሎ ይጀምራል።

አሲያ በእርግጥም የቆቦ ገበያ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ባሏ ሞቷል፤ ዚነት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት፤ ዚነት ዋጃ ላለ ቤተሰብ ታጭታለች። በዚያ በጦርነቱ ክረምት በአሲያ ቤት የሆነውን ነገር አላህ ያውቃል፣ አሲያ ታውቃለች፣ ሙህሲንም ያውቃል። ለልጇ እንኳ አልነገረችም። ሙህሲን ለጥናቱ ብሎ ደጇ ሲመላለስ፣ መጀመሪያ ውሃ አቀበለችው፤ በሌላ ቀን ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራችው፤ በሌላ ቀን ደግሞ ሽንኩርቱን እየላጠች፣ እንባዋን በሽንኩርቱ እያሳበበች፣ ሁሉንም ነገረችው። ሲነሳ እጁን ይዛ «ስሜስ?» አለችው። «ስምሽ አይወጣም እትዬ፣ ወላሂ» አላት።

ስሟን በራሱ ጽሑፍ ላይ የትም አላሰፈረም። ዶክተሩ ግን አንድ ቀን ቢሮ ጠርተው፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ምስክሯ በሕይወት ያለች ሰው መሆኗን ማረጋገጥ ስላለበት ማን እንደሆነች እንዲነግራቸው ጠየቁት። ለኮሚቴው ብቻ ነው አሉ። ኮሚቴው የተቋቋመው የምስክሮችን ምስጢር ለመጠበቅ ነውና ነገራቸው። ቆይቶ ሲያጣራ የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሳቸው ዶክተር አላምረው ሆነው ተገኙ፤ ስሟንም በገዛ እጃቸው አራተኛው ምዕራፍ ላይ አስገብተውታል።

ጠዋት ከወልዲያ ሲመጡ ጎብዬ ላይ ለሻይ በቆሙበት ሙህሲን ጉዳዩን እንደገና አንስቶ ነበር። ስሟ ይሰረዝ፣ ሰፈሯ ይሰረዝ፣ ካልሆነም ምዕራፉ ይቅር ብሎ ለመነ። ዶክተሩ የበሉት ማንጎ ክር በጥርሳቸው ተሰክቶ በስንጥር እየጎረጎሩ ነበር።

«ስም ከሌለ ሰው የለም» አሉ። ስንጥሩን አውጥተው አዩት። «ሰው ከሌለ ደግሞ መብት የለም። ይሄ ለድምፅ አልባዎች ድምፅ መስጠት ነው። አንተ የገበሬ ዓይን አፋርነት አልለቀቀህም።»

ከጥርሳቸው ያወጡትን ክር በማስታወሻቸው ጀርባ ጠረጉት። ሙህሲን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ቆቦ እንደደረሱ የትናየት ዘንድም ሄዶ፣ ስም ሳይጠራ፣ አንድ ምስክር ያለ ፈቃዷ ልትጋለጥ ነው አላት። የትናየት ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የኮሚቴው ማኅተም እስካለ ድረስ ድርጅቷ ጣልቃ እንደማይገባ በትሕትና አስረዳችው። ማኅተሙ ነበር። ያማረ፣ ክብ ማኅተም።

አዳራሹ ሞላ። ከሮቢትና ከጎብዬ ገበሬዎች መጡ፤ የከተማው ነጋዴዎች መጡ፤ ሽማግሌዎቹም ዱላቸውን ይዘው ፊት ለፊት ተቀመጡ። በመካከላቸው ሼህ ታሂር አሉ፤ ከጎናቸው አያ አለሙ። አንዱ መስጊድ ይስገዱ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ እንጂ፣ ደም የተቃባ ሰው ሲኖር በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ጎን ለጎን የሚቀመጡ ናቸው። ሼህ ታሂር ዱዓ አደረጉ፣ አያ አለሙ መረቁ፣ አዳራሹ አሚን አለ።

ዶክተሩም ተነሥተው «እኔ የራያ ልጅ ነኝ» ብለው ጀመሩ። ከራያ የወጡት ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ነው፤ ንግግራቸው ውስጥ ግን ከዚያ ወዲህ ወጥተው አያውቁም። ስለ አንቀጾች ተናገሩ፤ ስለ ክብር ተናገሩ፤ በመካከሉ የታሸገ ውሃ ያላመጣላቸውን ልጅ በጣታቸው ጠርተው ገሠጹ፤ ከዚያ ወደ ክብር ተመለሱ።

አሲያ የገባችው በዚህ መካከል ነው። ሻሿን አስተካክላ፣ እጇ ላይ የሽንኩርት ቅርፊት እንደተጣበቀ፣ ከኋላ ልትቀመጥ ስትል አንድ አስተናባሪ እየመራ ከፊት ወንበር አስቀመጣት። ሙህሲንን ስታይ ፈገግ አለች። የመስኖ ሥልጠና አለ ተብላ ነው የተጠራችው።

ሙህሲን ወደ ዶክተሩ ተጠግቶ ማን ጠራት ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኛ። ሰርፕራይዝ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ከእርቁ ትዕይንት ቀጥሎ መድረክ ትወጣለች። ታሪኳን እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትቆማለች፤ ከዚያ አቅፋታለሁ። ካሜራው እዚያ ላይ እንዳያመልጠው ንገረው። ማብቃት ይሉሃል ይሄ ነው።»

ሙህሲን አሲያን ተነሽ ብሎ ይዞ ሊወጣ አሰበ፤ ነገር ግን ሁለት መቶ ዓይን እያያት ይዟት ቢወጣ፣ ከተማው ማታ ምን እንደሚያወራ ከዶክተሩ በላይ እሱ ያውቃል። መድረክ ላይ ወጥቶ ሊጮህም አሰበ። ጮኾ ምን ሊል? ነገሩን ላስጥል ብሎ አፉን በከፈተ ቁጥር፣ የሚወጣው ያው የእሷ ስም ነው።

የእርቁ ትዕይንት የተባለው የመጽሐፉ ሽፋን የሚሆን ፎቶ ማንሻ ነበር። በዚህ አገር በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ በተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳይ በደሉን ይናገራል፣ ሽማግሌ ይለምናል፣ ልቡ ሲለሰልስ «አፉ ብያለሁ» ብሎ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ድንጋዩ የምልክት ነው፤ የቡጢ ያህል ይበቃል። ዶክተሩ ግን ለፎቶ እንዲያምር ከጎሊና ወንዝ ዳር ድብልብል ያለ፣ ወፍጮ የሚያህል ድንጋይ በመኪና አስመጥተዋል።

በዳይ ሆኖ እንዲቆም የታሰበው ረዲ የሚባል የአዳራሹ ዘበኛ ነበር። ረዲ ድንጋዩን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ወደ ኋላው ሸሸ።

«እኔ ያስቀየምኩት ሰው የለኝ። ያለ በደል ድንጋይ አንገት ላይ ቢወጣ በደል ይጠራል» አለ።

ጨዋታ ነው ቢሉት ለጨዋታ ዳማ አለ አላቸው። አንድ የጎብዬ ገበሬ ተለመነ፤ እሱም ከወንድሙ ጋር የድንበር ነገር እንዳለውና እንዳይቀሰቅስበት እንደሚፈራ ተናግሮ ተቀመጠ። ሌላው ሳቀና ሚስቱን እንደሚፈራ ተናገረ። የአገሩ ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው፤ በድንጋይ አይቀለድም። ዶክተር አላምረው ግን ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ የሚያውቁት ሌላ ሌላውን ነው።

«እኔ ራሴ እሸከማለሁ!» አሉ ኮታቸውን እያወለቁ። «የራያ ልጅ አይደለሁም እንዴ?»

ሁለት ጎረምሶች ድንጋዩን አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አኖሩት። ጉልበታቸው ዘንበል አለ፤ ካሜራው ብልጭ አለ። ይህን ጊዜ ሼህ ታሂር ከወንበራቸው ተነሡ። አያ አለሙም ተነሡ። የተነሡት ለፎቶ አልነበረም።

«ከልብህ ነው ልጄ?» አሉ ሼህ ታሂር።

«ከልቤ ነው አባቴ» አሉ ዶክተሩ፣ ወደ ካሜራው ፈገግ እያሉ።

«ማንን በድለህ ነው?»

ዶክተሩ ከድንጋዩ ሥር ዓይናቸውን አዙረው የቀረባቸውን ሰው ፈለጉ። የቀረባቸው ቦርሳቸውን የያዘው ሰው ነበር። «ለምሳሌ… ሙህሲንን!» አሉና ሳቁ። አዳራሹም ትንሽ ሳቀላቸው።

ሼህ ታሂር አልሳቁም። «በእርቅ ውስጥ ለምሳሌ የለም» አሉ። ወደ ሙህሲን ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ በድሎሃል?»

ሙህሲን ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ። ከፊት ወንበር ላይ አሲያ አንገቷን አስግጋ ታየዋለች። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አዎ አባ» አለ።

ሳቁ ቆመ። ዶክተሩ ከሥር «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ እንዲህ ሕያው ይሁን» አሉ። ሼህ ታሂር ምን አድርጎህ ነው ብለው ጠየቁት።  ያልተነገረ በደል አይታረቅምና ተናገር አሉት። እንደማይናገር ነገራቸው። አያ አለሙ ገቡበት፤ ካልተናገርክ የተበላሸውን ማን ይጠግነዋል፣ ሰውየው እኮ ካንተ በዕድሜም በትምህርትም ታላቅህ ነው፣ ለሽበቱ ስትል አፉ በለው ብለው ለመኑት። ሽማግሌ በለመነ ጊዜ እንቢ ማለት በዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም። የሙህሲን አባት በሕይወት ቢኖሩ በዚያች ሰዓት ልጄ አይደለም ይሉት ነበር።

«አፉ አልልም» አለ ሙህሲን።

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ዕድገት ከልክሎት ነው አለ አንዱ። ጽሑፉን ሰርቆት ነው አለ ሌላው፤ ይሄኛው እንኳ አልሳተም። የሴት ነገር ሳይሆን አይቀርም ያለም ነበር። ሙህሲን ሁሉንም ሰማ፤ አንዱንም አላስተባበለም። ይልቅ ድንጋዩን የሚያወርድ መስሎ ጎንበስ አለና በዶክተሩ ጆሮ ተናገረ።

«አራተኛው ምዕራፍ ይቅር። ሴትየዋም መድረክ አትወጣም። አሁን እሺ ይበሉና አወርዳለሁ።»

የዶክተሩ ላብ ከአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ጠዋት የተቀቡት ሽቶ ከላቡ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሰነበተ ወጥ ይሸታል።

«ምዕራፉ ከቀረ መጽሐፍ የታለ?» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። «እንዲያውም አሁን ስሟን ጠርቼ እዚሁ ራሷን እጠይቃታለሁ። ራሷ ትምረጥ! መብቷ ነው!» አንገታቸውን ለማቅናት እየታገሉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ክቡራን ታዳሚዎች፣ ከመካከላችን አንዲት ጀግና…»

የሼህ ታሂር ዱላ ወለሉን መታ።

«ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሳይጠየቅ አይናገርም።»

ዶክተሩ ሕገ መንግሥቱ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን በተመለከተ የሚለውን ሊያስረዱ ሞከሩ። አያ አለሙ ዝም በል ልጄ፣ አንተ አሁን በዳይ ነህ አሏቸው። ሕዝቡም ዝም በል አላቸው። ከሐዋሳ እስከ ባሕር ዳር ማንም ዝም ያላሰኛቸው ሰው፣ ቆቦ ላይ በገዛ ድንጋያቸው ዝም አሉ።

ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ካሜራ የያዘው ልጅ ማንሳቱን ይቀጥል ያቁም አላወቀም። አሲያ ግን አሁን ፈገግታዋ የለም። «አንዲት ጀግና» ሲሉ ዓይናቸው የት እንደሄደ አይታለች። የሽንኩርት ቅርፊቱን ከጣቷ ላይ ቀስ ብላ እየላጠች ሙህሲንን ታያለች፤ ሙህሲንም ያያታል።

በመጨረሻ ዶክተሩ «ወደዚያ!» ብለው ድንጋዩን ወረወሩት። የመድረኩ ጣውላ ተሰብሮ ድንጋዩ እስከ ወገቡ ሰጠመ። በዚያው ንቅናቄ ፕላስተሩ ከባነሩ ላይ ወርዶ ትከሻቸው ላይ ተለጠፈ።

ሼህ ታሂር ድንጋዩን አዩት።

«ለእርቅ ተጠራን» አሉ። «ሰውየው ድንጋዩን ራሱ ጣለው። ራሱን በራሱ የሚምር ሰው ሽማግሌ ምን ያደርግለታል?»

ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። አያ አለሙ ተከተሉ። ሽማግሌ ከወጣበት ቤት መቅረት ነውር ነውና የሮቢቱም የጎብዬውም ሰው ተነሣ፤ ነጋዴው ተነሣ፤ የታሸገውን ውሃ ግን በየኪሱ ይዞ ነው የተነሣው። የትናየት ላፕቶፗን ዘጋች። ሽማግሌዎቹ ረግጠው ለወጡበት መጽሐፍ ድርጅቷ ፈቃድ እንደማይሰጥ፣ ኅትመቱ መቅረቱን ዛሬውኑ እንደምትጽፍ ለዶክተሩ በዚያው ትሕትናዋ ነገረቻቸው።

አሲያ ከሕዝቡ ጋር ስትወጣ በሙህሲን አጠገብ አለፈች። ቆም አላለችም፤ እርምጃዋን ብቻ አዘገየች።

«ቃልህ አለ?» አለችው፣ ፊት ለፊቷን እያየች።

«አለ፣ እትዬ።»

«እሱስ እንዴት አወቀ?»

«ከኔ ነው» አለ ሙህሲን። «ለኮሚቴ ብሎኝ ነገርኩት። መጽሐፉ ቀርቷል።»

ጥቂት ተራመደች። ትረግመኛለች ብሎ ጠበቀ። «ገበያው ሳይበተን ልድረስ» አለችና ሻሿን ጎትታ ወጣች። አፉ ብያለሁ አላለችም፤ እሱም አልጠየቃት።

አዳራሹ ውስጥ ዶክተሩ ወንበር ላይ ተዘርግተው አንገታቸውን ያሻሉ። በሌላ እጃቸው ስልክ ይዘው ለኮሌጁ ዲን ይናገራሉ፤ ስለ ክህደት፣ ስለ ኋላ ቀር ባህል፣ ስለ ምሥጋና ቢስ ትውልድ፣ ስለ አከርካሪያቸውም ጭምር። ሲጨርሱ ስልኩን እንደ ቆሸሸ ማንኪያ በሁለት ጣታቸው ይዘው ለሙህሲን ዘረጉለት።

ዲኑ ክፉ ድምፅ አልነበረውም። በሕዝብ ፊት ስለ ተፈጸመው ድርጊት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ማብራሪያ እንደሚፈልግ፣ አጥጋቢ ምክንያት ካለ መምህርነቱ ሊተርፍ እንደሚችል፣ ዝም ካለ ግን ከዚህ ወር አያልፍም አለው። ኮሚቴው ደግሞ ምስጢር ጠባቂ መሆኑን፣ ማንኛውንም ነገር በነፃነት መናገር እንደሚችል አረጋገጠለት።

ሙህሲን የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ጠየቀ።

ዲኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰብሳቢው ዶክተር አላምረው ናቸው አለ፤ ግን ገለልተኛ ሆነው።

ሙህሲን ወደ ዶክተሩ አየ። ፕላስተሩ አሁንም ትከሻቸው ላይ ነው። አውራ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ከጥርሳቸው መካከል አንድ ነገር ይፈልጋሉ።

«እሺ፣ እየሰማሁህ ነው» አለ ዲኑ። «ለምን እንዳደረግኸው አስረዳኝ።»

«አላስረዳም» አለ ሙህሲን።